ለካምፐር ጎማ ሴንሰር የቱን ቫልቭ ልግጠም? ላስቲክ ወይስ ብረት?

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ባጭሩ ይሄ ነው። ዴንቨር ነው የምትኖረው። ያገለገለ፣ ባለ ሁለት አክስል ካምፐር (በመኪና የሚጎተት፣ የሚታደርበት ተሳቢ) ገዝተሃል። ጎማዎቹ ኤስቲ (የተሳቢ ጎማ) 225/75 አር 15፣ ሎድ ሬንጅ (የጭነት ደረጃ) ኢ ናቸው፤ ጎናቸው ላይ 80 ፒኤስአይ፣ ማለትም የንፋስ ግፊቱ ልክ፣ ተጽፎባቸዋል። የንፋሱን ልክ የሚከታተሉ፣ ቫልቩ ጫፍ ላይ እንደ ክዳን የሚጠመዘዙ አራት ሴንሰሮች አዘዝክ። ጓደኛህ "የላስቲኩን ቫልቭ በብረት ሳትቀይር እንዳትገጥመው" አለህ። ጎማ ቤቱ ደግሞ "ምንም አያስፈልግም፣ ዝም ብለህ ግጠመው" አለህ። በሰመር ልጆቹን ይዘህ በአይ 70 አውራ ጎዳና ወደ ዩታ ልትነዳ ነው፤ ማንን ልስማ ነው የምትለው።

ጓደኛህን ስማ። ግን ምክንያቱን ሳታውቅ ብትቀይረው፣ ከዓመታት በኋላ አዲስ ጎማ ስታስገባ መልሰው ላስቲክ ይሰኩብህና ወደነበርክበት ትመለሳለህ። ስለዚህ ከሥሩ ላስረዳህ። ሥራዬ ጎማ ነው፤ እዚሁ አሜሪካ ተሳቢና ፒክአፕ ላይ ነው የምውለው። ሰው ስለ ሴንሰሩ ሌሊቱን ሙሉ ሲያነብ ያድራል፣ ስለሚሸከመው ቫልቭ ግን አንድም ጥያቄ አይጠይቅም። ችግሩ የሚመጣው ደግሞ ከዚያው ነው።

መጀመሪያ ሴንሰሩን እርሳው። ሴንሰር ባይኖርህም እንኳን ቫልቩ የጎማህን ግፊት መቻል አለበት። ተራው የላስቲክ ቫልቭ፣ ማለትም ከቸርኬው ውስጥ ገብቶ ወደ ውጭ ሲሳብ ቀዳዳው ላይ ጥብቅ የሚለው፣ ቲአር 413 ይባላል። አጠር ወይም ረዘም ያሉ ወንድሞችም አሉት፤ ቲአር 412፣ 414፣ 418። ልዩነታቸው ርዝመት ነው እንጂ አቅማቸው አንድ ነው፤ በቀዝቃዛ ጎማ እስከ 65 ፒኤስአይ። አሁን ወደ ተሳቢ ጎማ እንምጣ። በተለመዱት ልኮች ሎድ ሬንጅ ሲ 50 ፒኤስአይ ነው፣ ዲ 65፣ ኢ 80፣ ጂ ደግሞ 110። ያንተ 80 ነው። ቸርኬህ ላይ ያለው ቲአር 413 ከሆነ ሴንሰሩ ሳይመጣም ከአቅሙ በላይ ተሸክሟል። ላይሆንም ይችላል፣ ግን ካምፐሩን ሁለተኛ ባለቤት ሆነህ ነው የገዛኸው፤ ከዚህ በፊት ማን ምን እንደሰካበት አይታወቅም። "ምንም አያስፈልግም" ያለህ ሰውዬ ይህን አይቶ ከሆነ ጥሩ፤ ሳያይ ከሆነ ግን መልስ አልሰጠህም።

ተራ ላስቲክ መሆኑን በዓይን ትለየዋለህ። ከቸርኬው የወጣው አንገት እስከ ጥርሱ፣ ማለትም ክዳኑ እስከሚጠመዘዝበት ድረስ፣ ጥቁር ላስቲክ ከሆነ ያው እሱ ነው። ከሥሩ ጥቁር ላስቲክ ሆኖ ከዚያ በላይ ያለው አንገት ብረት ከሆነ፣ ይሄ ለከፍተኛ ግፊት የተሠራው ነው፤ ቲአር 600 ኤችፒ የሚባለው ቤተሰብ። አብዛኞቹ እስከ 80 ፒኤስአይ ተብለው ይሸጣሉ፣ ማሸጊያው ላይ አረጋግጥ። ከሥሩ ዳዶ ያለው፣ ሙሉ በሙሉ ብረት የሆነው ደግሞ በዳዶ የሚታሰረው ነው፤ ቲአር 416 የሚባለው ዓይነት። እሱ እስከ 200 ፒኤስአይ ይችላል። እኔ የምመክርህ ይሄንን ነው።

አሁን ወደ ሴንሰሩ። ክብደቱ እጅህ ላይ ሲያዩት ምንም ነው፤ 10 ግራም፣ 15 ግራም። ጎማው ሲዞር ግን ሌላ ነገር ነው። በሰዓት 65 ማይል ስትነዳ ይህ ልክ ያለው ጎማ በደቂቃ ወደ 800 ጊዜ ይዞራል። ሴንሰሩ የሚቀመጥበት ቦታ ከጎማው መሐል 17 ሴንቲሜትር ገደማ ይርቃል። ሒሳቡን ስትሠራው እዚያ ላይ ያለ ነገር በክብደቱ 120 እጥፍ ያህል ወደ ውጭ ይሳባል። 15 ግራሙ 1.8 ኪሎ ሆነ ማለት ነው። ሴንሰሩን ሳትፈታ ንፋስ የምትሞላበት ዓይነት ከሆነ ደግሞ ከበድ ይላል፤ 30 ግራም ቢመዝን 3.6 ኪሎ ነው። ይህን ጫፉ ላይ ያንጠለጠለው ላስቲክ በሄድክ ቁጥር ወደ ውጭ ይታጠፋል፣ በቆምክ ቁጥር ይመለሳል። ሽቦን እያጠፍክና እየዘረጋህ እንደምትበጥሰው ነው፤ የሚሰነጠቀውም እዚያው የሚታጠፍበት ቦታ ላይ፣ ከቸርኬው ቀዳዳ አፍ ላይ ነው። ከሩቅ አይታይም። ላስቲኩ ቀጥ ብሎ ሲቆም ስንጥቁ ይገጠምና ደህና ይመስላል። ለማየት ከፈለግህ አውራ ጣትህን ጎኑ ላይ አድርገህ ቀስ ብለህ ወደ ጎን ግፋውና ሥሩን ተመልከት፤ ክብ ዙሪያውን ቀጫጭን መስመሮች ከታዩህ ጊዜው አልቋል። ላስቲክ ደግሞ ዝም ብሎ ቆሞም በኦዞንና በፀሐይ ይሰነጠቃል። እ.ኤ.አ. በ2006 የተመረቱ በርካታ ተራ የላስቲክ ቫልቮች ያለ ጊዜያቸው እየተሰነጠቁ አሜሪካ ውስጥ በ2008 ሪኮል ተደርገዋል፣ ማለትም በጉድለት ምክንያት ተመልሰው ተጠርተዋል። ከፍ ባለ ቦታ፣ ፀሐይ ላይ ዓመቱን ሙሉ ቆሞ የሚውል ካምፐር ደግሞ ላስቲክን በጣም ይበድለዋል።

ሌላም ነገር አለ፤ ለእኔ ከክብደቱ በላይ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ማንኛውም ቫልቭ ውስጥ ባለ ስፕሪንግ የሆነች ትንሽ መዝጊያ አለች። ንፋስ የምትይዘው እሷ ናት፤ የላዩ ክዳን ከአቧራ መከላከያና ሁለተኛ መጠባበቂያ ነው። ጫፉ ላይ የሚጠመዘዝ ሴንሰር ሲገጠም ግን የንፋሱን ልክ ለማንበብ መሐሏን ተጭኖ ከፍቶ ነው የሚቀመጠው። ያኔ ንፋሱን የያዘው የሴንሰሩ ጎሚኒ ነው፣ ቀለበት የምታህለው ቀጭን ላስቲክ፣ ሌላ ምንም የለም። ሴንሰሩ ተላቅቆ ቢወድቅ መዝጊያዋ ተመልሳ ትዘጋለች። ሴንሰሩ በድንጋይ ተመቶ እዚያው ቢሰበር ወይም ጎሚኒው ቢደርቅ ግን ክፍት እንደሆነች ትቆያለችና ጎማው ይተነፍሳል። የላስቲክ ቫልቭ ላይ ከሆነ ደግሞ በየመወዛወዙ ሴንሰሩ ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀስና ጎሚኒው ላይ ያለው መያዣ ይላላል። ብረት ቫልቭ ሴንሰሩን ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል። የጎማ አደጋን ሊነግርህ የገዛኸው ዕቃ ራሱ የመተንፈሻ ቀዳዳ እንዳይሆንብህ ብለህ አስበው።

በነገራችን ላይ ሴንሰር ማሰብህ በጣም ጥሩ ነው። እዚህ አሜሪካ መኪኖች ከ2008 ሞዴል ጀምሮ የጎማ ንፋስ መቆጣጠሪያ እንዲኖራቸው ሕግ ያስገድዳል፤ ተሳቢን ግን ሕጉ አይነካውም። ባለ ሁለት አክስል ካምፐር ላይ ደግሞ አንዱ ጎማ ሲተነፍስ ከፊት ሆነህ ምንም አይሰማህም። ጎረቤቱ ጎማ ጭነቱን ሁሉ ይወስዳል፣ የተነፈሰው እየጋለ ይሄድና ይፈነዳል፣ የተበጣጠሰው ጎማ ወለሉን፣ የውሃ ቱቦውን፣ አንዳንዴም የጋዝ መስመሩን ይመታል። ያንተ ልክ ጎማ እያንዳንዱ በ80 ፒኤስአይ 2,830 ፓውንድ ነው የሚችለው። አንዱ ሲጎድል ሁለተኛው ምን ያህል እንደሚሸከም አስበው።

እና ብረቱን እንዴት ትመርጣለህ?

ከሁሉ በፊት ቀዳዳው። ቸርኬ ላይ የቫልቭ ቀዳዳ ሁለት ልክ ነው ያለው፤ 0.453 ኢንች፣ ማለትም 11.5 ሚሊሜትር፣ እና 0.625 ኢንች፣ ወደ 16 ሚሊሜትር። ካምፐር ላይ በብዛት ትንሹ ነው፤ አንዳንድ ባለ 16 ኢንች ቸርኬ ላይ ትልቁ ያጋጥማል። ብረት ቫልቩ ከተለያዩ ጎሚኒዎች ጋር ለሁለቱም የሚሆን ተብሎ ይሸጣል፣ ግን የገዛኸው ፓኬት ውስጥ ላንተ ቀዳዳ የሚሆነው ጎሚኒ መኖሩን እይ። ጎማው ከወለቀ በኋላ "አይገጥምም" ሲባል ሾፑ ውስጥ ተገትረህ መዋል ነው።

ከዚያ ርዝመት። ሰው ሁሉ ረጅሙን ይወዳል፣ ንፋስ ለመሙላት ስለሚመች። ሴንሰር ከኖረህ ግን አጭሩ ነው የሚሻለው፤ ከቸርኬው በራቀ ቁጥር ሴንሰሩ ቫልቩን የሚጎትትበት ክንድ ይረዝማል። ሴንሰሩ በእጅህ ተጠምዝዞ ሲገባ ቸርኬውን የማይነካበት፣ ጣትህ የሚዞርበት ቦታ ያለው አጭሩን ውሰድ። ከቸርኬው ጠርዝ ውጭ ወጥቶ እንዳይታይ፤ ድንጋይና የመንገድ ጠርዝ መጀመሪያ የሚያገኙት የወጣውን ነው። ላስቲክ ሲመታ ይታጠፋል፣ ብረት ግን ሊሰበር ይችላል፤ የብረቱ አንዱ ድክመት ይሄ ነውና ርዝመቱ ላይ አትሳሳት። የቸርኬው ቅርጽ ካስቸገረ የታጠፈም አለ፣ ግን ቀጥ ያለው ከገጠመልህ ቀጥ ያለውን ምረጥ። ቫልቩ ላይ የሚቀጠል ማራዘሚያ፣ በተለይ ለስላሳው ቱቦ፣ ከሴንሰር ጋር በፍጹም አይሄድም። በሁለት ቦታ የሚያፈስ መገጣጠሚያ ጨምረህ ክብደቱን ደግሞ ከቸርኬው አርቀህ ሰቀልከው ማለት ነው።

የተሠራበት ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ኮሎራዶ ነው ያለኸው። መንገዶቻችሁ ላይ በክረምት ማግኒዚየም ክሎራይድ ይረጫል። ይህ ፈሳሽ አሉሚኒየምና ነሐስ የተገናኙበት ቦታ ላይ ሲደርስ ጥርሱ እርስ በርሱ ይያያዛል፤ ከክረምት በኋላ ሴንሰሩን ልፈታ ስትል ቫልቩ አብሮ ይዞራል ወይም ይቆረጣል። ስለዚህ የአሉሚኒየም ቫልቭ አትግዛ፣ ቀለሙ ቢያምርም። ነሐስ ወይም ኒኬል የተቀባ ነሐስ ይሁን። ሴንሰሩ ጥርስ ውስጥም ምን እንዳለ ተመልከት፤ ጥሩዎቹ የነሐስ ጥርስ ነው ያላቸው። ሲገጠም ጥርሱ ላይ ስስ አድርገህ የሲሊኮን ግሪስ ቀባ፣ ውስጥ ወደ መዝጊያዋ እንዳይገባ ተጠንቅቀህ። ካምፐሩን ለክረምት ስታቆመው ደግሞ ሴንሰሮቹን ፍታና ተራ ክዳን አድርግበት። ባትሪያቸውም ይቆጠብልሃል።

ጎማ ቤቱ ላይ የምትለውን ልንገርህ፣ ምክንያቱም ሥራውን የሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ችኮላ ነው። ጎማው ከቸርኬው መላቀቅ አለበት። የቀዳዳው ዙሪያ ከዝገትና ከቀለም ቅርፊት ይጸዳ፣ በተለይ የብረት ቸርኬ ከሆነ። ዳዶው በውጭ በኩል እንዲሆን አድርገህ አስገጥም፤ በኋላ ቢላላ ጎማውን ሳታወልቅ ታጠብቀዋለህ። ዳዶውን በአየር መፍቻ እንዳይነኩት። የሚጠብቀው በትንሽ ቶርክ መፍቻ (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ መፍቻ)፣ አምራቹ በጻፈው ልክ ነው፤ ልኩም በኢንች ፓውንድ ነው እንጂ በፉት ፓውንድ አይደለም፣ ልዩነቱ 12 እጥፍ ነው። ከልክ በላይ ከተጠበቀ ጎሚኒው ተጨፍልቆ በጎን ይወጣል፣ የዚያኑ ቀን ላያፈስ ይችላል፣ ብርድ ሲመጣ ግን ያፈሳል። ጎሚኒው አዲስ ሲሆን ትንሽ ስለሚቀመጥ፣ ከመጀመሪያዎቹ 50 እና 100 ማይሎች በኋላ ዳዶውን በልኩ እንደገና ፈትሽ። ከዚያ በኋላ ጎማ በተቀየረ ቁጥር ጎሚኒው ይቀየር፤ ብረቱ ራሱ ብዙ ዓመት ይሄዳል። የቫልቩ ዋጋ ጥቂት ዶላር ነው፣ የምትከፍለው ለማውለቅና ለመግጠም ነው። እዚያው እያለህ ቸርኬህ ላይ የተመታውን ጽሑፍ አንብብ፤ ቸርኬም የራሱ የግፊትና የጭነት ጣሪያ አለው። ጎማህ ጎን ላይ DOT ከሚለው ጋር ከተጻፈው ቁጥር የመጨረሻዎቹን አራት አሃዞችም እይ፤ የተመረተበትን ጊዜ ይነግሩሃል። 2319 ቢል የ2019 ሃያ ሦስተኛ ሳምንት ማለት ነው። ስድስት ዓመት የተጠጋ የተሳቢ ጎማ ከሆነ ቫልቭ ለመቀየር ብቻ ገንዘብ አትክፈል፤ ሁሉንም ባንዴ ቀይር።

ባላንስም አድርግ በላቸው። ብዙ የካምፐር ጎማ ባላንስ ሳይደረግ ነው ከፋብሪካ የሚወጣው። 15 ግራም አንድ ቦታ ላይ ስትጨምር ይታወቃል፤ ስለዚህ ሴንሰሩ ተገጥሞ እያለ ባላንስ ይደረግ።

ቤት ስትደርስ፣ ሴንሰሮቹን ከገጠምክ በኋላ፣ ሳሙና በውሃ በጥብጠህ ሁለት ቦታ ላይ ርጭ፦ ሴንሰሩና ቫልቩ በሚገናኙበት ላይና በዳዶው ሥር ላይ። አንድ ደቂቃ ቁጭ ብለህ ጠብቅ። ቀስ ብላ የምታድግ አንዲት አረፋ ካየህ ሴንሰሩን ፈትተህ ጎሚኒውን እይ፤ ብዙ ጊዜ ወይ ተጣሞ ነው ወይ አሸዋ ገብቶበት ነው። ሴንሰር በእጅ ነው የሚጠብቀው፣ ፕላየር አይነካውም።

ስለ ማስጠንቀቂያው ልክ ባጭሩ። 80ውን የምትሞላው ጎማው ቀዝቃዛ ሆኖ፣ ጠዋት፣ ሳይነዳ ነው። የአየሩ ሙቀት በ10 ዲግሪ ፋራናይት ሲቀየር እዚህ ግፊት ላይ ወደ 1.8 ፒኤስአይ ይቀየራል። ከፍታም አለ፤ ከዴንቨር ወጥተህ የአይዘንሃወር ዋሻ ስትደርስ ከ11,000 ጫማ በላይ ነህ፣ የውጪው አየር ስለሚሳሳ ብቻ ንባቡ ከሁለት እስከ ሦስት ፒኤስአይ ይጨምራል። መንገዱ ላይ ጎማው ሲሞቅ 90 ወይም ትንሽ በላይ ብታይ አትደንግጥ፣ ንፋስም አታውጣ። ካወጣህ ጠዋት ዩታ ውስጥ ጎድሎ ታገኘዋለህ። ሴንሰሩ ላይ የታችኛውን ማስጠንቀቂያ ከ80ው ከ10 እስከ 15 በመቶ ዝቅ አድርገህ አስተካክለው፣ የላይኛውን ደግሞ 25 በመቶ ከፍ አድርግ። የሙቀት ንባቡን ብዙ አትመነው። ሴንሰሩ ያለው ቫልቩ ጫፍ ላይ ስለሆነ ንፋስ ይመታዋል፣ ፀሐይም ታሞቀዋለች፤ የጎማውን ውስጥ አይደለም የሚለካው። ሙቀቱን አንዱን ጎማ ከሌሎቹ ጋር ለማወዳደር ተጠቀምበት፤ አንዱ ብቻ ነጥሎ ከፍ ካለ ብሬክ ወይም ቤሪንግ ሊሆን ይችላል፣ ቁምና እይ።

ላስቲክ ፈጽሞ አይሆንም ወይ ትለኝ ይሆናል። ጎማህ 50 ፒኤስአይ ሎድ ሬንጅ ሲ ቢሆን፣ ሴንሰሩ ቀላል ቢሆን፣ ቫልቩም አዲስ ቢሆን፣ አጭር ላስቲክ ላይ የሚሄዱ ብዙ ሰዎች አሉ። የብረት አንገት ያለው የከፍተኛ ግፊቱ ቫልቭም ቀላሉን ሴንሰር በደንብ ይችላል። ንፋስ ሳይፈታ የሚሞላበት ከባዱ ሴንሰር ከሆነ ግን ብረት ብቻ ነው፤ ብዙዎቹ አምራቾች ራሳቸው መመሪያቸው ላይ ይጽፉታል። ያንተ 80 ነው፣ ልጆችህም መኪናው ውስጥ ናቸው፣ ተራራም ልትወርድ ነው። ለአራት ቫልቭ ዋጋ መሐል ቤት አትቁም።

አንድ ሰው "ከሴዳን የወለቀ፣ ቸርኬ ውስጥ የሚገባ ሴንሰር በርካሽ አለኝ" ቢልህ እንዳትወስድ። የመኪና ሴንሰር ለመኪና ግፊት ነው የተሠራው፤ 80 ላይ ላያነብ ይችላል፣ አንዳንዱም የላስቲክ አንገት ነው ያለው። ውስጥ የሚገባ ከፈለግህ ለተሳቢ ተብሎ የተሠራ መሆኑን አረጋግጥ።

መለዋወጫውን ጎማ አትርሳው። አራቱን ቀይረህ አምስተኛው ላይ አሮጌው ላስቲክ ከቀረ፣ መንገድ ላይ ያንን ጎማ ስታወርድ ሴንሰሩን የምትገጥመው እሱ ላይ ነው። አምስቱንም ባንድ ቀን አስቀይር። ከመሄድህ በፊት የቸርኬውን ጽሑፍና የቫልቩን ሥር ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ የቀዳዳውን ልክ አብረን እናየዋለን።